ስለ ሽንት መናገር ነውር ነውን?

በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ነጻነት፣ ስለ ሥነ ጽሑፍ፣ ስለ ምግብ አዳራሹ ወጥ መቅጠን፣ ስለ ፍቅርም ሳይቀር ብዙ ተጽፏል። ስለ ሽንት ግን እስከ ዛሬ ብዕሩን ያነሣ የለም። እኛም ብንሆን አርእስቱን ወደን የመረጥነው አይደለም፤ ቤታችን ገብቶ ከሁለት ዓመት በላይ አብሮን ስለ ኖረ ነው። ለመጽሔቱ አዘጋጅ አሳባችንን ስንነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ዝም አለ፤ በኋላም «የእኔም አጎት...» ብሎ ሳይጨርሰው ቀረ። እንድንጽፍ ያደፋፈረን ያ ያልተጨረሰ ዐረፍተ ነገር ነው።

«እኛ» ስንል ታላቅ እኅታችንንም ጨምረን ነው። ብዕሩን የያዝነው እኛ ብንሆንም ሌሊቱን የያዘችው እርሷ ናትና።

አባታችን የታፔላ ጸሐፊ ናቸው። ፒያሳን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሳያውቀው የእጃቸውን ጽሑፍ አንብቧል። ልብስ ሰፊው፣ ወርቅ ቤቱ፣ ጸጉር አስተካካዩ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ «የጾም ምግብ አለን» የሚለው ምግብ ቤት፤ ከእሪ በከንቱ እስከ ዶሮ ማነቂያ፣ ከሠራተኛ ሰፈር እስከ አራዳ ጊዮርጊስ፣ የራሳቸውን ስም ሳይጽፉ የሌላውን ስም ሲጽፉ ኖሩ። የኮምፒውተር ባነር መጥቶ ሥራውን እስኪቀማቸው ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚህ እንጀራ አሳደጉን። በቀኝ እጃቸው ብሩሽ፣ በግራ እጃቸው ሲጋራ ነበር። ብሩሹን የሚያጥቡት መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ በአኳራጅ ነው። ልጆች ሳለን የአባት ሽታ ማለት ለእኛ የዘይት ቀለምና የሲጋራ ሽታ ነበር፤ ደስም ይለን ነበር።

ሕመሙን ያየው ማን እንደ ሆነ ልንናገር ይገባል፤ እርሳቸው አይደሉም። በዚያን ጊዜ የምንኖረው በፒያሳ ጓሮ፣ በቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ሽንት ቤቱ የግቢው ሁሉ የጋራ ነበር፤ ጉድጓድ ነው፤ ብርሃንም የለውም። እንዲህ ባለ ሽንት ቤት የገባ ሰው የሽንቱን ቀለም ሊያይ አይችልም። አገራችን ውስጥ ስንት ሰው ሽንቱን ሳያይ ዕድሜውን ይጨርሳል? ሐኪሞች «በሽንታችሁ ውስጥ ደም ስታዩ ወደ እኛ ኑ» ሲሉ፣ ሰው ሁሉ ነጭ የሸክላ መቀመጫ ያለው ይመስላቸዋልን? አባባ ያን ክረምት ብርዱን ፈርተው ሌሊት ሌሊት በፖፖ መጠቀም ባይጀምሩ ኖሮ እኛም አናውቅም ነበር። አንድ ጧት እኅታችን ፖፖውን ለመድፋት ወደ ደጅ ስታወጣው በጧት ብርሃን አየችው፤ ቀይ ነበር። ቀይ ሥር የበሉ መስሏት ትናንት ምን እንደ በሉ ልታስታውስ ሞከረች። ሽሮ ነበር።

ጠየቅናቸው። «አላመመኝም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አላመማቸውም። በሦስተኛው ቀን ደሙ ቆመ፤ እኛም ተመስገን ብለን ረሳነው። የዚህ በሽታ ተንኰል ይኸው ነው። ሳያምም ይደማል፤ ራሱ ይቆማል፤ የቆመ ጊዜ ሰው ዳነ ይባላል። ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰ፤ ያን ጊዜም ቆመ። ጎረቤት የሰማው ጎረቤት «ብርድ ነው» አለ፤ ሌላው «ኩላሊት ነው» አለ፤ የገብስ ውኃ ተፈልቶ ተጠጣ። በአገራችን ከወገብ በታች ያለ ሕመም ሁሉ ኩላሊት ነው፤ ከኩላሊት የሚያልፍ እንደ ሆነ ደግሞ ብርድ ነው። ከዚያ አልፎ የሚጠረጥር ሰው ቢኖር የሚጠረጥረው የአባለ ዘር በሽታን ነው፤ ስለዚህም አባባ ለማንም እንዳንናገር አዘዙን። አንድ ክሊኒክ ሄድን፤ ስሙን መጻፍ አያስፈልገንም፤ ሦስት ጊዜ ለኢንፌክሽን መድኃኒት ሰጠን፤ አንድ ጊዜም «እስቲ ውስጡን እንየው» አላለም። በዚህ ዓይነት ስምንት ወር ሄደ።

በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም በአልትራሳውንድ አይታ ዝም አለች። ከዚያም በካሜራ ይታይ አለች። ካሜራ የተባለው በሽንት መውጫ በኩል የሚገባ ቀጭን መሣሪያ ነው። አባባ ይህን በሰሙ ጊዜ ጋቢያቸውን ይበልጥ ተከናነቡ። እኛም ወንድ ልጅ ሆነን እዚያ ቆመን ሳለ ወዴት እንደምናይ ጠፋን። የታየው ነገር በፊኛቸው ግድግዳ ላይ የበቀለ ዕጢ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። አማርኛችን በዚህ ነገር ላይ እንዳሻው የሚቀልድ ነው። ፊኛ ብንል ለልደት የሚነፋውንም፣ ሽንት የሚጠራቀምበትንም ማለታችን ነው። ነቀርሳ የሚለው ቃል ደግሞ የባሰ ነው። አባቶቻችን ካንሰርን ነቀርሳ አሉት፤ ቲቢንም የሳንባ ነቀርሳ አሉት። ሁለቱ በዘር የማይገናኙ በሽታዎች ናቸው፤ አንዱ ከሰው ወደ ሰው ይጋባል፤ ሌላው አይጋባም። ነገር ግን ስማቸው አንድ ስለ ሆነ ከአባታችን ጋር በአንድ ብርጭቆ ከመጠጣት የተቆጠበ ዘመድ አይተናል። የሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ቃላት የምንከራከረው ለጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ውጤቱ ከላቦራቶሪ እስኪመጣ ሳምንታት አለፉ። በመጣም ጊዜ እኛ ያደረግነውን የማያደርግ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ ደበቅናቸው። ሐኪሙን በኮሪደሩ ላይ ይዘን «እባክዎ ለእርሳቸው አይንገሯቸው» አልን። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ፤ መስማማቱ ይሁን መታከቱ አልገባንም። ለጠያቂም ሁሉ «ኩላሊት ነው» አልን። እትዬ ከላይ ግቢ፣ እትዬ ከታች ግቢ ብርቱካን ይዘው መጡ፤ «ምናቸውን ነው?» ሲሉ እኅታችን «ትንሽ ኩላሊታቸውን» ትላለች። እንዲህ እየዋሸን ሦስት ሳምንት ኖርን። አንድ ቀን ከሆስፒታል ስንመለስ አባባ በታክሲው መስኮት ወደ ውጭ እያዩ ቀስ ብለው «በሩ ላይ የካንሰር ሕክምና ክፍል ይላል፤ ፊደሉ ደግሞ ወድቋል፤ የሕ እግር አጥሯል» አሉ። እኛ ዝም አልን። «እኔ ታፔላ ሳላነብ በር የማልፍ መሰላችሁ?» አሉና ሣቁ። እኅታችን አለቀሰች። ረዳቱ ሒሳብ መቀበሉን ትቶ አየን።

ስለ መደበቅ ያለንን አሳብ ያን ቀን ለወጥን። እርግጥ ነው፤ ደባቂው ክፉ ሰው አይደለም። መርዶን በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ በቀስታ የሚያረዳ ሕዝብ ልጆች ነን፤ ክፉ ወሬ ሰውን ይገድላል ብለን እናምናለን። ነገር ግን ታማሚው ሕመሙን ካላወቀ ሲጋራውን ለምን እንደሚተው፣ በየሦስት ወሩ በካሜራ ለመታየት ለምን እንደሚሄድ እንዴት አድርጎ ይረዳል? የፊኛ ነቀርሳ ተፍቆ ቢወጣም ተመልሶ መምጣት ልማዱ ነው። ስለዚህ ሕክምናው አንድ ቀን የሚያልቅ ሳይሆን ለዓመታት የሚቈጠር ቀጠሮ ነው። የማያውቅ ሰው ቀጠሮውን ይተዋል። በእኛ ምሕረት የተነሣ አባታችን አንድ ቀጠሮ አልፏቸዋል፤ ይህን ሳናፍር መጻፍ አለብን።

ስለ በሽታው ራሱ ያወቅነውን በአጭሩ እንንገራችሁ፤ ፈተና አይመጣበትምና አትጨነቁ። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ከ600 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ይህ በሽታ እንዳለባቸው ታውቋል። ከሴቶች ይልቅ ወንዶችን ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ያጠቃል። ሴቶች ግን ብዙ ጊዜ ዘግይተው ይታወቃሉ፤ ደሙን ከወር አበባ ወይም ከኢንፌክሽን ይቈጥሩታልና። ዋናው ምክንያት ትምባሆ ነው። ጢሱ የሚገባው በሳንባ ሆኖ ሳለ ፊኛን እንዴት እንደሚያገኘው ጠይቀን ነበር። መርዙ ከሳንባ ወደ ደም ይገባል፤ ኩላሊት ከደም አጣርቶ ወደ ሽንት ያወጣዋል፤ ሽንቱም በፊኛ ውስጥ ለሰዓታት ይተኛል። ፊኛ የመርዙ ማደሪያ ክፍል ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ሉድቪግ ሬን የተባለ የፍራንክፈርት ቀዶ ሐኪም በቀለም ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የፊኛ ዕጢ መብዛቱን ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ የቀለም ኬሚካሎች ተመርምረው ጥፋታቸው ታውቋል። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅትም የቀለም ቅቢ ሥራን ራሱን ካንሰር ከሚያመጡ ሥራዎች ተራ መድቦታል። በአባታችን ላይ ያመጣው ሲጋራው ይሁን ቀለሙ ማንም ለይቶ ሊነግረን አይችልም። አባባ ግን መልስ አላቸው፤ «ሲጋራውን ተዉልኝ፤ ቀለሙን ግን አትስደቡት» ይላሉ።

ሦስተኛው ምክንያት ወደ አገራችንና ወደ ዩኒቨርሲቲያችን ይመልሰናል። እ.ኤ.አ. በ1851 ቴዎዶር ቢልሃርዝ ካይሮ ላይ ያገኘው ትል፣ በስሙ ቢልሃርዚያ የተባለው፣ አንዱ ዓይነቱ በፊኛ ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ይኖራል፤ እንቁላሉ ፊኛን ለዓመታት እያቈሰለ ወደ ነቀርሳ ያደርሰዋል። በግብፅ ለረዥም ዘመን በወንዶች ዘንድ ከሌላው ካንሰር ሁሉ ይበልጥ የታየው የፊኛው ነበር። በእኛ አገር ይህ ዓይነቱ በመካከለኛው አዋሽ፣ በታችኛው ዋቢ ሸበሌና በሱዳን ወሰን በኩርሙክ በኩል ይገኛል። የትሉን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ በእንዶድ መግደል እንደሚቻል ያስተዋለው አክሊሉ ለማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ወራጅ ውኃ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይቶ። በዓድዋ የነበረው የአንጀቱ ቢልሃርዚያ ነው እንጂ የፊኛው አይደለም፤ ነገሩ ግን ለሁለቱም ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝቶበታል፤ በዩኒቨርሲቲያችን ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በስሙ ይጠራል። ከእኛ መካከል ስንቶቻችን የዚህን ሰው ሥራ እናውቃለን? ልብስ አጣቢዎቹንስ ማን አመሰገነ? እናቶቻችን የሚያውቁትን ነገር አይቶ ለምን ብሎ መጠየቅ ነው የእርሱ ሥራ።

ስለ ነቀርሳና ነቀርሳ ከላይ የተናገርነውን አስታውሱ። በቀኝ ክንዳችን ላይ ያለው ጠባሳ ሕፃናት ሳለን ለሳንባ ነቀርሳ የተከተብነው የቢሲጂ ክትባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 አልቫሮ ሞራሌስ የተባለ ሐኪም ካናዳ ውስጥ ይህንኑ ክትባት በቱቦ ወደ ፊኛ ቢያስገቡት የፊኛውን ነቀርሳ እንደሚከላከል ጽፎ አሳተመ። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ለስድስት ሳምንት ይሰጣል፤ ታማሚው ሁለት ሰዓት ያህል ይዞት ይቆያል። እስከ ዛሬም ዕጢው ወደ ፊኛው ጡንቻ ላልዘለቀባቸውና የመመለስ ሥጋቱ ከፍ ላለባቸው ሰዎች ዋነኛ መድኃኒት ነው። አባቶቻችን ሁለቱን በሽታዎች በአንድ ስም በመጥራታቸው ስንስቅ፣ የአንዱ ክትባት የሌላው መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። ዕጢው ወደ ጡንቻ የዘለቀ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ፊኛው በሙሉ ይወጣና ሽንቱ በሆድ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ወደ ከረጢት ይፈስሳል። አባታችን እዚህ አልደረሱም። ከደረሱት ጋር ግን በወረፋ ወንበር ላይ ተቀምጠናል፤ ከረጢቱን ከነጠላ ሥር ሲያስተካክሉ አይተናል።

የተፋቀ ፊኛ ታጋሽ አይደለም። ሲጠራ ወዲያው ነው፤ ደቂቃ አይሰጥም። አባባ ከቀዶው በኋላ ለጥቂት ቀናት ቱቦ ይዘው ነበር፤ ያ እንኳ ቀላል ነበር ብንል ታምኑናላችሁን? ቱቦው ከወጣ በኋላ ነው መከራው የጀመረው። በየግማሽ ሰዓቱ፣ በየሩብ ሰዓቱ ነበር የሚነሡት። ሌሊት እኅታችን የእጅ ባትሪ ይዛ እስከ ጋራው ሽንት ቤት ትሸኛቸዋለች። ዝናብ ሲሆን ጃንጥላና ባትሪ በአንድ እጅ፣ አባባ በሌላው እጅ ነው። ቅዳሜና እሑድ እኛ እንተካታለን፤ በሥራ ቀን ግን እርሷ ሌሊት ተነሥታ ጧት ወደ ሱቅ ሥራዋ ትሄዳለች። አስታማሚ የሚባል ሰው ካርድ አይወጣለትም፤ ሕመም ፈቃድም የለውም።

ቀን ደግሞ ሌላ ነው። ከፒያሳ ወደ ቸርችል ጎዳና ሲወርዱ፣ ወይም በራስ መኰንን ድልድይ በኩል ወደ አራት ኪሎ ሲሻገሩ፣ ለጤነኛ ሰው መንገድ ነው፤ ለአባታችን ግን ከአንድ ሽንት ቤት ወደ ሌላ ሽንት ቤት የሚደረግ ጉዞ ነው። ካፌ እንገባለን። «ቁልፉ ለደንበኛ ብቻ ነው» ይባላል። ማኪያቶ እናዛለን፤ ሐኪሙ ቡና ይቀንሱ ስላሏቸው አይጠጡትም። በአንድ ቀን አራት ማኪያቶ ከፍለን አንዱንም ሳንጠጣ ወደ ቤት የተመለስንበት ጊዜ አለ። ይህን የሽንት ቀረጥ ብለነዋል። አንድ ጊዜ ግን ገንዘብ ተቀባይዋ ቁልፉን ፍለጋ ስትንገላታ ጊዜው አለፈ። ስልሳ አራት ዓመት የሆናቸው ሰው፣ ስማቸውን ሳይጽፉ የሰፈሩን ስም ሁሉ የጻፉ ሰው፣ እራሳቸው በጻፉት ታፔላ ሥር ቆመው ሱሪያቸው ረጠበ። ካፖርታችንን አውልቀን አለበስናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት ሊወጡ ሲሉ ውኃ መጠጣት ተዉ፤ ለፊኛቸው ግን ከሁሉ የሚከፋው ውኃ ማጣት ነው። ወደ ጊዮርጊስ መሄድም ተዉ፤ ቅዳሴ መካከል ጥሎ መውጣት ከበዳቸው። የንስሐ አባታቸው «ሕመም ርኵሰት አይደለም» ብለው ቢመክሯቸውም በአጥሩ ውጭ ቆመው ተሳልመው ይመለሱ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በየካቲትና በመጋቢት ፒያሳ ሲፈርስ የእኛም ግቢ ፈረሰ። ስለዚህ መፍረስ በግቢያችን ብዙ ክርክር ሰምተናል፤ አንዱ የታሪክ ጥፋት ነው ይላል፤ ሌላው የቆርቆሮ አጥር ምን ታሪክ አለው ይላል። እኛ የምናውቀውን እንመሰክራለን። ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ተሰጠን፤ ሽንት ቤቱ በቤት ውስጥ ነው፤ ነጭ ነው፤ መብራት አለው። አባባ በመጀመሪያው ሌሊት ከአልጋቸው ስድስት እርምጃ ተራምደው ሲገቡ እኅታችን ከሁለት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ንጋት ተኛች። ይህን የሚያቃልል ሰው ካለ በዝናብ ባትሪ ይዞ ቆሞ አያውቅም። ነገር ግን ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም፤ ውኃውም በፈረቃ ነው የሚመጣው። ቀድሞ በእግር ወደምንሄድበት ሆስፒታል አሁን በሁለት ታክሲ ነው፤ በታክሲ ውስጥ ደግሞ ሽንት ቤት የለም። እኛ ስንማር፣ እኅታችን ስትሠራ፣ በፊት አባባን «አለህ ወይ» ብሎ በመስኮት የሚጣራ የእድር ሰው ነበር፤ ቡናው ሲፈላ የሚጠሯቸው እትዬዎች ነበሩ። እነርሱ ወደ ሌላ ሌላ ሰፈር ተበትነዋል። ሽንት ቤት አገኘን፤ ሰው አጣን። የትኛው እንደሚበልጥ አባባን ጠይቀናቸው ነበር፤ «በሌሊት ሽንት ቤቱ፣ በቀን ሰዉ» አሉን። ከዚህ የተሻለ ፍርድ ከየትኛውም የክርክር መድረክ አልሰማንም።

በአዲሱ የፒያሳ መንገድ ዳር የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች መሠራታቸውን አለመመስከር ንፉግነት ነው። መንገዱ ሰፍቷል፤ መቀመጫም አለ። ጥያቄያችን ሌላ ነው። በራቸው በስንት ሰዓት ይከፈታል? ውኃ በማይመጣበት ቀንስ? ዱላ የያዘ ሽማግሌ፣ ከረጢት የያዘች ሴት ይገቡበታልን? ይህን የሚጠይቅ ሰው በእቅድ ሠሪዎች መካከል ቢኖር እንወዳለን።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ጽሑፍ ሳይታተም አንብበው ተቈጥተውናል። «ሕዝቡ እንጀራ ባጣበት፣ ለአንድ ሰው ሽንት ሁለት ሺህ ቃል ታባክናላችሁ፤ መጀመሪያ የአገሪቱ ጤና አጠባበቅ በሥሩ ይለወጥ» ይላሉ። ይለወጥ፤ ማን ከለከለ? ለብዙ ዓመታት በመላው አገሪቱ የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ እንደ ነበረ፣ ከጋምቤላም ከአፋርም የመጣ ታማሚ ሁሉ እዚያ ወረፋ ይጠብቅ እንደ ነበረ እናውቃለን፤ ይህ የአንድ ሰው ነገር አይደለም። ነገር ግን ለውጡ እስኪመጣ ድረስ አባታችን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሽንት ቤት ያስፈልጋቸዋል። ስለ ሰፊው ሕዝብ እየተናገረ ከጎኑ የተቀመጠውን ሽማግሌ የማያይ ሰው፣ ሰፊውን ሕዝብ የት እንዳየው አይገባንም።

ጥቁር አንበሳ እኮ የእኛው ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። የሕክምና ተማሪዎች ጓደኞቻችን እዚያ ሌሊቱን ያድራሉ፤ እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ግን ስንታመም ካልሆነ በበሩ አናልፍም። በደብዳቤ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የማይችል ከገጠር የመጣ አስታማሚ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው መስኮት ሲንከራተት አይተነዋል። ማንበብ የእኛ ሙያ አይደለምን? የተማሪዎች ማኅበራችን በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ፈቃደኞችን መዝግቦ፣ ከሆስፒታሉ ጋር ተነጋግሮ፣ ካርድ የሚያወጣ፣ ታፔላ የሚያነብ፣ ወረፋ የሚይዝ ሰው ቢልክ ገንዘብ አያስወጣውም። ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቁመዋል፤ ሆስፒስ ኢትዮጵያም ከማይድን ሕመም ጋር ለሚኖሩ ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄደ ይረዳል። እነርሱ ከሐዘን ተነሥተው ይህን ከሠሩ፣ እኛ ከስንፍና ተነሥተን አንድ ከሰዓት በኋላ መስጠት አያቅተንም። ስለ ሲጋራው ግን አንሰብክም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ትምባሆ መሸጥን ከልክሏል፤ ከግቢያችን በር ፊት ለፊት የቆመው ሱቅ በደረቴ ልጅ ራሱ ዐሥራ አምስት ዓመት አይሞላውም።

በሌላ አገር ያለውንም እንጥቀስ። በእንግሊዝ እንዲህ ያለ ሕመም ያለባቸው ሰዎች «መቆየት አልችልም» የሚል ትንሽ ካርድ በኪሳቸው ይይዛሉ፤ ለባለ ሱቁ ያሳዩታል፤ ማብራራት አይጠበቅባቸውም። በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት ደግሞ በአንጀት ሕመም የምትሠቃይ የ14 ዓመት ልጅ በአንድ ሱቅ ሽንት ቤት ተከልክላ ስለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ሱቆች እንዲህ ላለው ታማሚ የሠራተኞቻቸውን ሽንት ቤት እንዲፈቅዱ ሕግ ወጥቷል። እኛ ሕግ ማውጣት አንችልም። ስለዚህ ሌላ ነገር ሞከርን። ለአባባ ስለ ካርዱ ነገርናቸውና «ካርድ ምን ያደርጋል፤ ሰው እጅህን ሳይሆን ግድግዳውን ነው የሚያነብ» አሉ። ከአልጋቸው ተነሥተው፣ መስኮቱን አስከፍተውና አፍንጫቸውን በጨርቅ አስረው፣ ከስንት ዓመት በኋላ ብሩሽ ጨበጡ። ሦስት ትንንሽ ታፔላ ጻፉ። በነጭ መደብ ላይ በሰማያዊ «ለታመመ ሰው ሽንት ቤቱ ክፍት ነው» ይላል። የሕ እግር አላጠረም።

ፒያሳ ይዘን ሄድን። አምስት ካፌ ጠየቅን። አንዱ ባለቤት «ሰው ሁሉ ታምሜአለሁ ቢልስ?» አለን፤ መልስ አላገኘንለትም፤ ታፔላውን ግን ወሰደ። ሌላዪቱ ሳትጠይቀን መዶሻ አመጣች፤ አባትዋ በምን እንደ ሞተ በኋላ ነገረችን። የቀሩት ሦስቱ አልፈለጉም፤ ደንበኛ ያሸሻል ብለው። ስለዚህ ሁለቱ ተሰቅለዋል። ሦስተኛው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በአባባ አልጋ ሥር ነው፤ ቀለሙ ደርቋል። የግቢያችን ክበብ ኃላፊ ይህን ካነበበ መጥቶ ይውሰደው፤ አባባ ከቀጠሮ ቀን በቀር ሁልጊዜ እቤት ናቸው።